ጉትቻ ያላት ጅብ

ይህ ጽሑፍ ደሴ ከተማ ውስጥ ሥዕልና ፊልም ለሚወዱ ወጣቶች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች አንዳንድ ቦታ አስተካክዬዋለሁ፤ ከታዳሚው መሃል የተወረወሩትን ቃላት ግን እንዳሉ ትቻቸዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ? ወንበር ያላገኛችሁ ልጆች ወደ ፊት ኑ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። አትፈሩ፣ እኔም መጨረሻ ላይ እዚያው አጠገባችሁ እቀመጣለሁ።

በእናቴ ልጀምር። እናቴ ስለ ሥራዬ ስትጠየቅ «ልጄ ካርቶን ይሠራል» ነው የምትለው። ካርቱን ማለቷ ነው። አብረዋት ቡና የሚጠጡት ጎረቤቶች «እሰይ፣ ካርቶንማ ተፈላጊ ነው» ይሏታል። አንዲት እትዬ ጫማ ለሚነግድ ልጃቸው ሁለት መቶ ካርቶን በቅናሽ እንድሠራላቸው ደውለውልኝ ያውቃሉ። ለዓመታት «እማ፣ ካርቶን አይደለም፣ ካርቱን ነው፤ ደግሞ ካርቱንም አይባል፣ አኒሜሽን ነው» እያልኩ አርሜያታለሁ። አሁን ማረሙን ትቻለሁ። ለምን እንደተውኩት ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ አስማት ይዘው ስለተወለዱና ከሰው መግጠም ስላቃታቸው ልጆች የሚተርኩ ረጃጅም የአኒሜሽን ፊልሞች የሚል ነው። ርዕሱ ረዘመ እንጂ ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ግማሻችሁ ስልካችሁ ውስጥ ይዛችሁታል። አንዲት ልጅ ትወለዳለች። እጇ የነካው ይቀየራል፣ ወይ ከእንስሳ ጋር ታወራለች፣ ወይ የነገውን ዛሬ ታያለች። ቤተሰብ ይደነግጣል። በር ይዘጋባታል፣ ወይ ራሷ ትሸሻለች። መንገድ ላይ እንደሷ የተባረሩ ታገኛለች። መጨረሻ ላይ ያ የተፈራው ነገሯ አገር ያድናል፤ ያባረሯት ሰዎች ያለቅሳሉ፤ ይዘፈናል። እኔም አለቅሳለሁ፣ አልዋሻችሁም። በዚህ ዕድሜዬ።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውን ፍሮዝንን ያላየ እጁን ያውጣ። (ከኋላ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ፤ ተሳቀ።) አባባ፣ እርስዎ ይማራሉ። በእጇ በረዶ የምታወጣ ልዕልት ናት፤ ልጅ ሆና ሳታስበው እህቷን ስለጎዳች በር ተዘግቶባት አደገች። ስትታሰብ ግን የታሪኩ ክፉ ሰው እንድትሆን ነበር። ፊልሙ እየተሠራ ሳለ ዘፈን ተጻፈላት፤ ሠሪዎቹ ዘፈኑን ሲሰሙ ልጅቷ ክፉ ሳትሆን የፈራች መሆኗ ገባቸውና ታሪኩን እንደገና ጻፉት። ይህን የማነሣው ለወሬ አይደለም። የተፈራ ሰውና የፈራ ሰው ከሩቅ ሲያዩዋቸው አንድ እንደሚመስሉ ሠሪዎቹ ራሳቸው መሃል መንገድ ላይ ነው የደረሱበት።

ሁለተኛው በ2021 የወጣው ኤንካንቶ ነው። ኮሎምቢያ ውስጥ ያለ ቤተሰብ፣ ሁሉም ተሰጥኦ አለው፤ አንዷ ሚራቤል ብቻ ምንም የላትም። ሰው ሁሉ ስለ ሚራቤል ያወራል። እኔን የያዘኝ አጎቷ ብሩኖ ነው። የሚመጣውን ያያል። ያየው ክፉ ነገር ሲደርስ ራሱ ያመጣው ይመስላቸዋል፤ ስሙ አይጠራም ተባለ፤ ጠፋ። የት ሄደ? የትም። እዚያው ቤት ግድግዳ ውስጥ ነው የሚኖረው። ቤተሰቡ ማዕድ ሲቀርብ እሱ ከግድግዳው ጀርባ የራሱን ሳህን ይዞ ይቀመጥና በስንጥቁ እያያቸው አብሯቸው የበላ ያህል ይበላል።

ያንን ስንጥቅ ሳይ ፊልሙን አቆምኩት። ለምን እንዳቆምኩት አሁን እመጣበታለሁ፤ በፊት ግን አንዲት የሙያ ነገር ልበል፣ አለዚያ በኋላ የምለው አይገባችሁም።

ይህ ዓይነት ታሪክ በአኒሜሽን ለምን ያምራል? ሰው በሚተውንበት ፊልም ላይ ጂኒ ሲመጣ ዓይናችሁ ወዲያው ይይዘዋል። ተዋናዩ ሥጋ ነው፣ ጂኒው ኮምፒውተር ነው፤ ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ቆመው ሁለት አገር ናቸው። በሥዕል ግን ድስቱም፣ ድስቱን የምታማስለው ሴትዮም፣ ከድስቱ የሚወጣው ጂኒም ያንድ እርሳስ ልጆች ናቸው። የማይታየውና የሚታየው እኩል ይታያሉ። አያቴ ተረት ስትነግረን ልክ እንዲህ ነበር፤ ስለ ጎረቤታችን በሬና ስለሚናገረው በሬ በአንድ ድምፅ ነበር የምታወራው። እኛም የትኛው በሬ የትኛው እንደሆነ ጠይቀናት አናውቅም።

እና ያ ስንጥቅ።

ሐይቅ አጠገብ ነው ያደግሁት። ከኛ ቤት ዝቅ ብሎ አንጥረኛ ነበር፤ ሚስቱ ሸክላ ትሠራለች። ማረሻችንን፣ ማጭዳችንን የሚሠራልን እሱ ነው። የኛ ጀበና የሷ እጅ ነው። አቦል ቶና በረካ በሷ ጀበና ይፈላል፣ ዱዓው በሷ ጀበና ላይ ይደረጋል፤ እሷ ግን ቡና አትጠራም። ልጃቸው የኔ እኩያ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ያ ልጅ ከሽቦ መኪና ይሠራል። የሁላችንም የሽቦ መኪና ይሄድ ነበር፤ የሱ ግን ይታጠፋል። መሪውን ስታዞሩት የፊት ጎማው አብሮ ይዞራል። ጎማው ቆርኪ ነው፤ ቆርኪው ከሽቦው ጋር የታሰረበት ቋጠሮ አይላላም፣ ጎማውንም አይዝም። ሰዓታት ሙሉ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አይ ነበር።

አንድ ቀን ሲጠማኝ ከቤታቸው ውሃ ጠጣሁ። አያቴ እንዴት እንዳወቀች አላውቅም። «ኸነሱ ቤት ምን ቀመስክ?» አለችኝ። ውሃ አልኳት። ጤና አዳም ጨምቃ አፍንጫዬ ላይ አደረገችልኝ፣ እትፍ እትፍ አለችብኝ፣ አንገቴ ላይ ክታብ አሰረችልኝ። ክፉ ሴት እንዳትመስላችሁ። ደግ ነበረች፤ ለማኝ ሳታበላ የማታድር ሴት ነበረች። ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብላ፣ ቡዳ ሌሊት ጅብ እንደሚሆን፣ በሷ ልጅነት አንድ ሰው የገደላት ጅብ ጆሮዋ ላይ የወርቅ ጉትቻ እንደተገኘ ነገረችኝ።

የዚያኑ ለት ጅብ ጮኸ። በየለቱ ይጮህ ነበር፣ ያን ለት ግን ሰማሁት። ተነሥቼ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ጉትቻ ነበር የምፈልገው። ሁለት ዓይን ብቻ አበራና ሄደ።

ጠዋት ያ ልጅ መጣ። ከብት ልንነዳ ነው። ከጎኑ እየሄድኩ ጆሮውን አየዋለሁ፤ ሳየው እንዳያየኝ እጠነቀቃለሁ። ትንሽ እንደሄድን ቆመ። ምንም አልተናገረም። ራሱን ዘንበል አድርጎ አንዱን ጆሮውን አሳየኝ፤ ዞር አለና ሌላውን አሳየኝ። ከዚያ ከብቱን ነዳ። የስምንት ዓመት ልጅ ነው። ምን እንደምፈልግ ያውቅ ነበር፤ የመጀመሪያው ፈላጊ እንዳልነበርኩ የገባኝ ግን ካደግሁ በኋላ ነው።

(አዳራሹ ጸጥ አለ። ውሃ ጠጣሁ።)

አሁን ከውጭው ፊልም ጋር ያለኝ ጠብ ይህ ነው። በነሱ ታሪክ ልጅቷ እውነትም ኃይል አላት፤ የሰው ስሕተት ኃይሏን መፍራቱ ነው። እኛ ጋ ኃይል የለም። ፍርሃቱ ብቻ ነው ያለው። ልጁ በረዶ አያወርድም፣ ነገን አያይም፣ ጅብ አይሆንም። ያለው ነገር ቢኖር የሚታጠፍ የሽቦ መኪና ነው። ስለዚህ ያንን ፊልም እንዳለ አምጥተን፣ ልጅቷን ሀበሻ ቀሚስ አልብሰን፣ ቤተ መንግሥቱን ጎጆ አድርገን ብንሥለው ልብሱ ይመጣል እንጂ ነገሩ አይመጣም። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባል የለ? ያ ጅብ እኛ ነን የምንሆነው።

ቃሉን እዩት። ጠይብ። ከጠቢብ ጋር የአንድ ቤት ቃል ነው፤ ጥበብ ያለው ማለት ነው። ይህን ቃል ወስደን ስድብ አደረግነው። ስድቡ እንዳይቀጥል አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረዋል፤ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ እያላችሁ ሠራተኛን አትስደቡ የሚል ነው ሐሳቡ። የሚጽፈውን ጠንቋይ! እጁ ነገር የሚያወጣ ሰው ሁሉ ተጠርጣሪ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ምኒልክ ቢኖሩ አኒሜሽን የሚሠራውንም ይጨምሩልን ነበር። አዋጁ ከተነገረ ሰማንያ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው አያቴ ጤና አዳም የጨመቀችው።

እዚሁ ደሴ፣ የንጉሥ ሚካኤል አዳራሽ ስሙ ማን ነው? («አይጠየፍ!» አሉ ብዙዎች።) አይጠየፍ። ደሃ ሀብታም፣ ትልቅ ትንሽ ሳይለይ ሁሉም የሚበላበት ስለሆነ ነው እንዲህ የተባለው ይባላል። ስሙን እወደዋለሁ። ልጅ ሆኜ ግን ሌላ ነገር ነበር የማስበው፦ አንድን አዳራሽ አይጠየፍ ብለህ የምትሰይመው የሚጠየፍ ሲበዛ ነው። የማይጠየፍ አዳራሽ ሁሉ ቢሆን ኖሮ አዳራሽ ብቻ ይባል ነበር።

አንዳንዶቻችሁ ከኋላ «ላሊበላስ?» ስትሉ ሰማሁ። አዎ። ሮሃ ላይ ሕፃን ይወለዳል፣ ንብ ይከበዋል፣ እናቱ ንብ ንግሥናውን አወቀ ስትል ላሊበላ ትለዋለች። ወንድሙ ይቀናበታል፣ መርዝ ይሰጠዋል፣ ሦስት ቀን ሰማይ ወጥቶ የሚያንጻቸውን ቤተ ክርስቲያናት ያያል፤ ሲያንጽም ቀን ሰው፣ ሌሊት መላእክት ይጠርባሉ። ከዚህ በላይ የልጅና የተአምር ታሪክ ከየት ይመጣል? ግን ይህ ገድል ነው፤ የሚሳለምበት ሰው አለ። በካርቱን ለመንካት ገና ብዙ መብሰል ያስፈልገናል፤ እኔ በበኩሌ አልደፍረውም።

የምደፍረው የስሙን ሞክሼዎች ነው፤ ጎህ ሳይቀድ በየደጁ እየዞሩ የሚያዜሙትን ላሊበሎች። አሚና የሚላቸውም አለ። ዜማውን ካቆምን ቁምጥና ይይዘናል ብለው ያምናሉ ይባላል፤ ስለዚህ ከእናት ወደ ልጅ ይወርሱታል፣ ምጽዋታቸውን ይዘው ፀሐይ ሳትወጣ ይመለሳሉ። ዜማ ካቆመች ገላዋ የሚረግፍ ልጅ። ድምፅዋ የሚያምር፣ ፊቷን ግን ማንም በብርሃን ያላያት ልጅ። የውጭ ስቱዲዮ ይህን ቢያገኝ ሌሊቱን አይተኛም። ደግሞ ሙዚቃውን ከየትም አይለምንም፤ ባቲና አምባሰል የሁለት ቅኝት ስም ብቻ አይደሉም፣ በአውቶቡስ የምትሄዱባቸው ቦታዎች ናቸው። ሰኞ ባቲ ገበያ የቆመ ሰው፣ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው በአንድ አቧራ ውስጥ ሲተራመስ ያየ ሰው፣ ለፊልም የሚሆን የገበያ ትዕይንት ከሌላ አገር አይቀዳም።

ወደ ጅቧ ልመለስ፤ ዛሬ የመጣሁት ለሷ ነው።

መነሻ የሆነኝ ፊልም አለ። ኪሪኩ ይባላል፤ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ልጅነቱን ጊኒ ኮናክሪ ያሳለፈው ፈረንሳዊው ሚሼል ኦስሎ የሠራው፣ ዩሱ ንዱር ሙዚቃውን ያበጀለት። መነሻው የምዕራብ አፍሪካ ተረት ነው። ኪሪኩ ከእናቱ ሆድ ሆኖ ይናገራል፣ ራሱን ይወልዳል፣ እትብቱን ራሱ ይቆርጣል፤ ቁመቱ ከሰው ጉልበት አይደርስም። መንደሩን የምታስጨንቅ ጠንቋይ አለች፣ ካራባ። መንደርተኛው ሁሉ ሰው በላ ናት ይላል። ይህ ትንሽ ልጅ ብቻ ነው «ለምን ክፉ ሆነች?» ብሎ የሚጠይቀው። መልሱ ጀርባዋ ላይ ነው፤ የመርዝ እሾህ ተሰክቶባታል። ኃይሏም ሕመሟም ከዚያው ነው። ልጁ በጥርሱ ይነቅልላታል።

ይህን ፊልም ያየሁ ለት ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩት ስለ እሾሁ ሳይሆን ስለ ጥያቄው ነው። እኔ ያን ጊዜ በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ የፈለግሁት ጉትቻውን ነው። ጉትቻው የማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም።

እንግዲህ ባለፈው ክረምት እዚህ ከተማ ውስጥ ጥቂት ልጆች ሰብስበን ሞከርን። ታሪኩ አጭር ነው፦ የአንጥረኛ ልጅ፣ አባቷ ከተረፈው ብረት ጉትቻ ሠርቶ ሰጣት፤ መንደሩ በሌሊት ጅብ ትሆናለች ይላታል። ይኸው ነው። ገንዘብ የለንም፣ ኮምፒውተራችን ስልክ ነው። ያኔ ነው የእናቴ ነገር የመጣው።

ዛሬ በእጃችን ካሉት ረጃጅም የአኒሜሽን ፊልሞች የመጀመሪያው የልዑል አሕመድ ጀብዱ ነው፤ በ1926 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ የወጣ፣ ከአንድ ሺህ አንድ ሌሊት ተረቶች የተቀዳ። ሎተ ራይኒገር የምትባል ሴት ናት ከጥቂት ረዳቶች ጋር ሦስት ዓመት የለፋችበት፤ ስትጀምረው ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነበረች። ጠንቋይ አለበት፣ የሚበር ፈረስ አለበት፣ ጋኔን አለበት። ከምን ሠራችው? በመቀስ ከተቆረጠ ጥቁር ካርቶን። ከካርቶንና ከስስ እርሳስ ብረት፣ መገጣጠሚያው በሽቦ የታሰረ፣ ከሥሩ መብራት ባለው መስታወት ላይ የተነጠፈ፣ ካሜራው ከላይ። እናቴ ትክክል ነበረች። እኔ ነኝ ያላወቅሁት። ደውዬ ነገርኳት፤ «አላልኩህም?» አለችኝ።

እኛም እንደዚያው አደረግን። ከአሮጌ መስኮት መስታወት አወጣን፣ ነጭ ወረቀት ለጠፍንበት፣ ከሥሩ አምፖል አበራን። መሃሉ የተበሳ ዱካ ከላይ ቆመ፣ ስልኩ ቀዳዳው ላይ ተኛ። ካርቶኑን በከሰል አጠቆርነው። አንድ ሰከንድ ፊልም 24 ምስል ይፈጃል፤ አንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ እየደገሙ በ12 ማለፍ ይቻላል፣ እኛም በ12 ነው የሄድነው። አንድ ሰዓት ተኩል ፊልም ለመሥራት በዚህ ስሌት 64,800 ጊዜ አሻንጉሊቱን ነካ አድርጎ እጅን አውጥቶ ፎቶ ማንሣት ነው። ቁጥሩን ስነግራቸው ሁለቱ ልጆች በማግሥቱ አልመጡም። አልፈርድባቸውም።

የመጀመሪያዋ ጅባችን ውሻ ሆነች። ቆርጠናት፣ አስረናት፣ አስሄድናት፤ ውሻ። ጭራዋን አሳጠርን፤ ጭራዋ ያጠረ ውሻ። ጆሮዋን አከበብነው፤ አይጥ መሰለች። ኩታበር በኩል የመጣ፣ ከብት ጠብቆ ያደገ ልጅ ነበር፤ ዝም ብሎ ሲያየን ቆየና «ጅብ እኮ ከኋላው ተቀምጦ፣ ከፊቱ ተነሥቶ ነው የሚሄደው» አለ። እስቲ ይህን ዓረፍተ ነገር እንደገና ስሙት። የትኛውም መጽሐፍ እንዲህ አይነግራችሁም። የፊት እግሩ ረጅም ነው፣ የኋላው አጭር፤ ጀርባው ከትከሻ ወደ ዳሌ ይንሸራተታል፤ አንገቱ ዝቅ ይላል። የኋላ እግሮቿን በሁለት ጣት አሳጠርናቸው። አሁን ስትሄድ የምታነክስ ትመስላለች። አጥሩ ዳር ያየሁት ጅብ መጣ። እውነቴን ነው፣ ጀርባዬን ቀዘቀዘኝ።

መገጣጠሚያው ላይ ግን ተያዝን። ሽቦው ሲጠብቅ እግሩ አይንቀሳቀስም፤ ሲላላ ይወድቃል። ልጆቹ ሲያቅታቸው እኔ ወሰድኩና አሰርኩት። ሳላስበው ነው ያሰርኩት። አንዷ «ይህን ቋጠሮ የት ተማርከው?» አለችኝ። ቆርኪ ጎማ ላይ ነው የተማርኩት፤ ሰዓታት ሙሉ አጠገቡ ቁጭ ብዬ።

ከዚያ ትልቁ ጠብ መጣ፤ በዚህ ላይ አምስት ቀን ተከራክረናል። ልጅቷ ጅብ ትሆናለች ወይስ አትሆንም?

ብትሆን ስም ማጥፋቱን በሥዕል አጸደቅነው ማለት ነው። አንድ ሕፃን አይቶ «አየሽ፣ ይሆናሉ!» ይላል፤ ነገ ጠዋት አንድ ልጅ ጆሮውን ዘንበል ያደርጋል። ባትሆን ደግሞ ፊልሙ ምክር ሆነ። «ቡዳ የሚባል ነገር የለም፣ በሳይንስ አልተረጋገጠም»፤ እንዲህ ያለ ፊልም አንድ ሕፃን እስከ መጨረሻው ቢያይላችሁ ከኪሴ እከፍላለሁ። ጅቧን የፈራ ልጅ ጅቧን ማየት ይፈልጋል። እኔም ፈልጌ ነበር።

እኔ ያመጣሁት መላ እንዲህ ነበር። በጥላ ፊልም ውስጥ ማን እያየ እንደሆነ መወሰን ይቻላል። ሰው በቀዳዳ ሲያያት ጅብ ናት፤ ብቻዋን ስትሆን ልጅ ናት። ቀዳዳው ሲመጣ ጅብ፣ ቀዳዳው ሲሄድ ልጅ። ጉትቻው ብቻ ሁለቱም ላይ አለ፣ አይቀየርም። ከጥቁሩ ካርቶን ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ በስተን መብራቱ በዚያ እንዲወጣ አደረግነው፤ በጥቁር ላይ አንዲት የምታበራ ነጥብ። ይህን ሳስረዳ በራሴ ተደስቼ ነበር። ከኔ በላይ የተደሰተ አልነበረም።

አንዲት ልጅ ግን አልወደደችውም። የመጨረሻዋ ትንሽ ነበረች፣ ብዙም አትናገርም። ከመካከላችሁ ትኑር አትኑር አልናገርም። «ታዲያ እሷ ጅብ መሆን ብትፈልግስ?» አለች። ምን ማለትሽ ነው አልኳት። «አያቴ ገንቦ ትሠራ ነበር። ሁሌ ጅብ ትሆናላችሁ ይሉን ነበር። እኔ ማታ ማታ እስኪ ልሁን እያልኩ ተኝቼ እጠብቅ ነበር። ጅብ ብሆን ሌሊት እንደልቤ እሄዳለሁ፤ ማንም አያቆመኝም። አንድ ቀንም ሳልሆን ቀረሁ።»

ሳቁ ልጆቹ። እሷም ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ አምስት ቀን የገነባሁት መላ ሲፈርስ እየሰማሁ ነበር። እኔ በቀዳዳ ከሚያየው ሰው ጎን ቆሜ ነው ታሪኩን የሠራሁት፤ ዛሬም። ቀዳዳው ሲሄድ ልጅ ትሆናለች ብዬ ጨዋ አድርጌያት ነበር። ይቺኛዋ ልጅ ግን ቀዳዳው በሌለበት፣ ማንም በማያያት ሰዓት፣ ለራሷ ጅብ መሆን ነው የፈለገችው። ይህ ስም ማጥፋትን ማጽደቅ ነው? እሷ አይደለም ትላለች። እኔ እስካሁን አላወቅሁም። ግን መቀሱን ሰጠኋት።

ስለዚህ አሁን የምታዩት የሷ ነው። 38 ሰከንድ ነው፤ 456 ፎቶ። ርዝመቱን ሰምታችሁ አትናቁት፤ ሦስት ሳምንት ፈጅቷል፤ በመሃል አምፖል ተቃጥሎብናል፣ አንድ ድመትም መስታወቱ ላይ ተኝታብናለች። 21ኛው ሰከንድ ላይ ፈጥናችሁ ካያችሁ የድመቷ ጭራ ጥላ ይታያል፤ እንዲነሣ ብንጠይቅ ልጆቹ እምቢ አሉ። ድምፅ የለውም። የጅቧ ድምፅ ምን ይሁን በሚለው አልተስማማንም፤ ግማሹ እውነተኛ የጅብ ጩኸት ይሁን ይላል፣ እሷ ደግሞ ልጅቷ በአምባሰል ታንጎራጉር ትላለች። ከታየ በኋላ እናንተም ትከራከሩበታላችሁ።

እሺ፣ መብራቱን አጥፉልኝ። ከኋላ የቆማችሁ፣ ቁጭ በሉ፤ የማሳያው ብርሃን ከበሩ በኩል ነው የሚመጣው፣ ከቆማችሁ ጥላችሁ ግድግዳው ላይ ይገባና ፊልሙ ውስጥ ትሆናላችሁ። እኔም መጣሁ። ትንሽ ጠጋ በሉልኝ።